ተኩስ በተሰማ ጊዜ፤ ፖሊስና ሕዝብ ከአደጋ የተማሩት

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ስለ እሳት የተነገረ ቢመስልም፥ ሰው በሰው ላይ ለሚጥለው አደጋም የሚሠራ ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች አንድ ከባድ የታሪክ ጉዳይ ለወላጆቻችን፥ ለመምህራኖቻችንና ለታናናሾቻችን ለማቅረብ ወደድን። ጉዳዩም መሣሪያ የያዘ ሰው ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ፥ ይልቁንም በትምህርት ቤት፥ በድንገት ተኩስ ሲከፍት ፖሊስና ሕዝብ እንዴት መሰናዳት እንደሚገባቸው ነው። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከአሜሪካ ነው፤ በዚያ አገር ይህ አደጋ ደጋግሞ ደርሷልና። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦገስት 1 ቀን 1966 በኦስቲን ከተማ፥ አንድ ሰው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግንብ ላይ ወጥቶ ከታች የሚያልፈውን ሕዝብ በጠመንጃ መታ። ተኩሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቈየ። የከተማው ፖሊሶች ለእንዲህ ያለ ነገር አልሠለጠኑም፤ ሽጉጣቸውም እስከ ግንቡ ጫፍ የሚደርስ አልነበረም። አንዳንድ የከተማው ሰዎች የአደን ጠመንጃቸውን ከየቤታቸው አምጥተው ወደ ግንቡ ይተኩሱ ጀመር። በመጨረሻ ራሚሮ ማርቲኔዝና ሂውስተን ማኮይ የተባሉ ፖሊሶች፥ አለን ክረም ከተባለ የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛ ጋር ወደ ላይ ወጡ፤ ፖሊሶቹም ገዳዩን ገድለው አደጋውን አቆሙ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች በልዩ መሣሪያና በልዩ ሥልጠና የተሰናዱ የፖሊስ ጓዶች ተቋቋሙ። ነገሩ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ ልማድ ተከተለ፤ ይኸውም ተራው ፖሊስ ስፍራውን ከብቦ ልዩውን ጓድ እንዲጠብቅ ነው። ይህ ደንብ ሰው አግቶ ለሚደራደር ወንበዴ ይሠራል። ያለ ድርድር ለመግደል ብቻ ለመጣ ሰው ግን ጊዜ ይሰጠዋል።

የዚህ ደንብ ጉድለት የታየው ኤፕሪል 20 ቀን 1999 በኮሎራዶ፥ በኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ተማሪዎች መሣሪያ ይዘው ገብተው በዚያን ዕለት 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ከ50 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ራሳቸውን አጠፉ። መምህር ዴቭ ሳንደርስ ተማሪዎቻቸውን ሲያሸሹ ቈሰሉ። አብረዋቸው የነበሩት ልጆች ሸሚዛቸውን አውልቀው ደሙን ለማቆም ታገሉ፤ ደም እየፈሰሰው የሚሞት ሰው እንዳለ ጽፈውም በመስኮት አሳዩ። ፖሊሶች የደረሱላቸው ከ3 ሰዓት በኋላ ነበር፤ መምህሩም ከሕንፃው ሳይወጡ ዐረፉ።

ከዚህ የተነሣ ሥልጠናው ተለወጠ። በመጀመሪያ የደረሱ ፖሊሶች፥ ጥቂትም ቢሆኑ፥ ልዩ ጓድ ሳይጠብቁ ተኩስ ወደሚሰማበት እንዲገሰግሱ ታዘዘ። በ2002 በቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያስተምር ማእከል ተቋቋመ። ሕዝቡም ድርሻ ተሰጠው። በ2012 የሂውስተን ከተማ በአጭር ፊልም ሦስት ነገር አስተማረ፤ መሸሽ ከተቻለ ሽሽ፥ ካልተቻለ በር ዘግተህ ተሸሸግ፥ ሌላ መንገድ ከጠፋ ታገል የሚል ነው። በ2015 ደግሞ ማንኛውም ሰው የሚፈስ ደም ማቆምን እንዲማር አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላልና፥ በጨርቅ አጥብቆ መጫንን ወይም ከቍስሉ በላይ ክንድን ወይም እግርን ማሰርን የሚያውቅ ጎረቤት፥ ገና በመንገድ ላይ ካለ ሐኪም ይልቅ ይጠቅመዋል።

እንግዲህ ትምህርቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነገሩ ተፈጸመ ማለት ነውን? አይደለም። ሜይ 24 ቀን 2022 በቴክሳስ፥ በዩቫልዴ ከተማ አንድ ወጣት ወደ ሮብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ገደለ። ፖሊሶች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን ሲተኰስባቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በጠቅላላው 376 የጸጥታ ሰዎች ተሰበሰቡ። ገዳዩ የተገደለው ግን የመጀመሪያዎቹ ከደረሱ 77 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጆች ከክፍል ውስጥ በስልክ እርዳታ ይለምኑ ነበር፤ ወላጆችም በውጭ ቆመው ፖሊሶቹን ግቡ ይሏቸው ነበር። የሚያሳዝነው፥ በዚያው ከተማ ይኸው ሥልጠና ከአደጋው ሁለት ወር ያህል በፊት ተሰጥቶ ነበር። የጐደለው የሰው ብዛት ወይም መሣሪያ አልነበረም። አዛዡ ማን እንደ ሆነ አልተለየም፤ እያንዳንዱም የሌላውን ትእዛዝ ጠበቀ።

በተቃራኒው ማርች 27 ቀን 2023 በናሽቪል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ አደጋ ሲጣል፥ ፖሊሶች እንደ ደረሱ ገብተው ክፍሎቹን እየፈተሹ ወደ ተኩሱ ሮጡ። ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ እስከ ፍጻሜው ያለው ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሦስት ሕፃናትና ሦስት ዐዋቂዎች ሞተዋልና ይህን ድል ልንለው አንደፍርም፤ ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የብዙዎች ሕይወት ተርፏል።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ያለ ነገር ለልጆች መንገር ያስፈራቸዋል ይላሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ ስለዚህም ለሕፃናት የሚሰጠው ልምምድ የተኩስ ድምፅ እያሰሙ የሚያስደነግጥ ሳይሆን፥ መምህር ሲያዝዝ በጸጥታ መውጣትን ወይም በር መዝጋትን የሚያስተምር ይሁን። ፍርሃትን የሚያበዛው አለማወቅ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ደንብ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ሕይወት እንደማያድን ነው። ፖሊስ ሥልጠናውን ደጋግሞ ካልተለማመደና ማን እንደሚያዝዝ አስቀድሞ ካልወሰነ፥ በጭንቅ ሰዓት እግሩ ይታሰራል። ፖሊስ እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች ደግሞ የእኛው ናቸው። የክፍላችን በር ይዘጋ እንደ ሆነ፥ መውጫው በየት እንደ ሆነ፥ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን ትምህርት ቤት ለታናናሾቻችን ትተን ስንሄድ፥ ይህንም ዕውቀት ከመጻሕፍቱ ጋር እንዲረከቡን ምኞታችን ነው።