ያገለገለ ዕቃ ተገቢ ዋጋ፦ ከጠገራ ብር እስከ ላፕቶፕ በድሬዳዋ ገበያ

አዲስ ዕቃ ዋጋው ከፋብሪካ ይነሳል፤ የማጓጓዣው ወጪ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ይታከሉበትና ለገዥ ይቀርባል። ያገለገለ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ የተጻፈ ስሌት የለውም። ምን ያህል እንደሠራ፣ የት እንደወደቀ፣ ምኑ እንደታደሰ የሚያውቀው የኖረበት ቤት ብቻ ነው። በመሆኑም ለገበያ በቀረበ ጊዜ ሁለት ዋጋ ይዞ ይመጣል። አንደኛው፣ ሻጩ ያወጣበትን ገንዘብ እያሰበ በልቡ የያዘው ነው። ሁለተኛው፣ ገዥው ያልታየ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል ብሎ እየሰጋ የሚቆርጠው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ተገቢው ዋጋ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የአንድ ቀን የገበያ ክርክር ብቻ አይደለም። ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት የሚፈተንበት ጥያቄም ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

የንግድ ልጅ

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ከጂቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ሥራውን አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስላደረገው፣ ሐዲዱ የተራራውን ግርጌ ይዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ሥፍራ ደረሰ። ከተማይቱም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ከደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተነደፈው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ደግሞ መጋላ ከነከፊራ ገበያው አደጉ።

ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት፣ ከባሕር የመጣው ዕቃ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው በድሬዳዋ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ተገናኙ። በቋንቋም በሃይማኖትም የተለያዩ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ለመሸጥና ለመግዛት አንድ የጋራ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይኸውም ዕቃውን ሁሉም በአንድ ዓይን የሚያይበት መንገድ ነው። የከተማይቱ የገበያ ታሪክ በአንድ ወገን ሲታይ ይህን መንገድ የመፈለግ ታሪክ ነው።

ገንዘቡም ያገለገለ ዕቃ ነበር

ዛሬ አንድ ሰው የያዘው የአንድ መቶ ብር ኖት ቢያረጅም ቢታደስም ዋጋው ያው አንድ መቶ ብር ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ገንዘቡ ራሱ ይመረመር ነበር። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ከተቆረጠበት ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር፣ በመንገድ ሲሸረፍና ሲሰበር ደግሞ ይቀንስ ነበር። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌ ይህን ለኖረ ገበያተኛ ባዶ ቃል አልነበረም።

በድሬዳዋ መባቻ የነገሠው ጠገራ ብር ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብርም ከዚህ ምርመራ አላመለጠም። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ገንዘቡ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ በተለያዩ አገሮች ሲቀረጽ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። ተቀባዩ ግን በክብደቱ ብቻ አይረካም። በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ በግልጽ መታየቱን ይመለከታል፤ የፈዘዘውን አልቀበልም ይላል። በሌላ አነጋገር፣ እያንዳንዱ ጠገራ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር እንደ ያገለገለ ዕቃ እየተገመተ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምልክቶቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሻጭም ገዥም በአንድ ዓይነት ምልክት ይመረምራል። ክርክሩ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

የተሸፈነ እጅ፣ የተገለጠ ዕቃ

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በሶማሌ የከብት ገበያ የሚታወቅ አንድ ልማድ አለ። ሻጭና ገዥ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ በጣቶቻቸው እየተነካኩ ዋጋ ይነጋገራሉ። በዙሪያቸው የቆመው ሰው ቁጥሩን አያውቅም። ይህን ያየ እንግዳ ነገሩ ሁሉ ምስጢር ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን የተሸፈነው ቁጥሩ እንጂ ከብቱ አይደለም። ግመሉ በፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ጥርሱ ታይቶ ዕድሜው ተገምቷል፤ አረማመዱና ሻኛው ተመርምሯል። ዕቃው ከተገለጠ ቁጥሩ ቢሸፈን ጉዳት የለውም። ቁጥሩ ተለጥፎ ዕቃው ከተሸፈነ ግን ገበያው ታሟል።

የሕግ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ያዩት ይህንኑ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና መግዛት የተለየ አንቀጽ አለው። በመጋላ ነጋዴዎች ዘንድ በሚከበረው በእስልምና ሕግም፣ የተደበቀ ጉድለት ያገኘ ገዥ ዕቃውን የመመለስ ምርጫ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሻጩ ዕቃው ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዥው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ግን ይህ ዋስትና አይጸናለትም። ሻጩ ጉድለቱን ሆን ብሎ ከደበቀ «ዋስ አይደለሁም» ብሎ መዋዋሉ አያድነውም። ሦስቱም ሕጎች ዋጋው ይህን ያህል ይሁን አይሉም። ዋጋውን ለተዋዋዮቹ ትተው ዕውቀቱ የጋራ እንዲሆን ያዛሉ።

የቦንዳው ትምህርት

ልባሽ ጨርቅ፣ ሕዝቡ «ሰልባጅ» የሚለው፣ በታሰረ ቦንዳ ሲሸጥ ገዥው ውስጡን አያይም። ጥሩ ካፖርት ሊወጣለት ይችላል፤ የተቀደደ ጨርቅም ሊወጣው ይችላል። ስለዚህ ዋጋ የሚሰጠው ለመካከለኛው ነው። እንግዲህ ጥሩ ጥሩውን ያከማቸ ሰው በዚህ መካከለኛ ዋጋ ቢሸጥ ይከስራል፤ በመሆኑም ጥሩውን ለይቶ ያወጣና በቦንዳው ውስጥ መናኛውን ይተዋል። ገዥውም ይህን ሲያውቅ ዋጋውን ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ የተነተነው ይህንኑ ሂደት ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዥው ካላወቀ፣ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል፤ በመጨረሻም ገበያው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ ሐሳብ ለድሬዳዋ ገበያተኛ ባዕድ አይደለም። ግርግር ለሌባ ይመቻል፤ ለሐቀኛ ሻጭ ግን ግርግር ኪሳራ ነው።

የላፕቶፑ ሁለት ዕድሜ

ዛሬ በከተማይቱ፣ ታይዋን በሚባለው የገበያ ሠፈርም ሆነ በየሱቁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፉት ዕቃዎች መካከል ላፕቶፕ ዋነኛው ሆኗል። ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ፣ መምህሩ ለማስተማሪያው፣ ሠዓሊውና የፊልም ባለሙያው ለሥራው ይገዛዋል፤ ሲቸገርም ይሸጠዋል። ጠገራ ብርን በዕንቁው፣ ግመልን በጥርሱ የለየ ሕዝብ ይህን መሣሪያ በምን ይለየዋል?

ላፕቶፕ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው የአካሉ ዕድሜ ነው። የሊቲየም ባትሪ በመቶዎች ከሚቆጠር ሙሌት በኋላ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ሙቀት ደግሞ ድካሙን ያፋጥነዋል። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ሞቃት ድሬዳዋ የሠራ መሣሪያ በደጋ ከሠራው ይልቅ ባትሪው ሊመረመር፣ ማቀዝቀዣውም ከአቧራ መጽዳቱ ሊታይ ይገባል። ሁለተኛው የትውልዱ ዕድሜ ነው። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል» በተሰኘው መጽሐፉ፣ አንድ መሣሪያ ሳያረጅ እንኳ የተሻለ ወይም የረከሰ አቻ ሲወጣለት ዋጋው እንደሚወድቅ አመልክቶ፣ ይህን ከአካላዊው እርጅና ለይቶ ሞራላዊ እርጅና ብሎታል። ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1975 ባስተካከለው ግምት ደግሞ፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች በየሁለት ዓመቱ ገደማ በእጥፍ እንደሚያድጉ ተናገረ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ሲያቆም፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ሊሻገሩ የማይችሉ ብዙ ጤነኛ መሣሪያዎች በአንድ ቀን አረጁ። ስክሪናቸው አልተሰበረም፤ ትውልዳቸው ግን አልፏል።

በዚህ ላይ የገንዘቡ መለዋወጥ ይታከላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ58 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀደም ላፕቶፕ የገዛ ሰው ተጠቅሞበት ሲሸጠው ከገዛበት የሚበልጥ ብር ሊያገኝ ይችላል። ይህ ብዝበዛ ነውን? ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ለስሌት ያህል፣ አንዲት መምህርት መሣሪያዋን ከለውጡ በፊት በ20,000 ብር ገዝታ ነበር እንበል። የእርሷ ዓይነትና ዕድሜ ያለው ጤነኛ መሣሪያ ዛሬ በ30,000 ብር ይሸጣል። የእርሷ ባትሪ ግን ደክሟል፤ መተኪያው 5,000 ብር ነው። የኪቦርዱ ጥገና 2,000 ብር ይጠይቃል። ተገቢው ዋጋ እንግዲህ 23,000 ብር ይሆናል። ከገዛችበት 3,000 ብር በለጠ ማለት አተረፈች ማለት አይደለም፤ በዚያ ገንዘብ የሸጠችውን የመሰለ ጤነኛ መሣሪያ መልሳ ልትገዛ አትችልምና። ባትሪው እንደደከመ ሳትናገር 30,000 ብር ብትቀበል ግን፣ 7,000 ብሩ ከገዥው ኪስ ያለ አግባብ የተወሰደ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መለኪያ ቀላል ነው። የትናንቱ ደረሰኝ ዋጋን አይወስንም፤ መሠረቱ የዕቃው አቻ ዛሬ በገበያ የሚያወጣው ነው፤ ከዚያ ላይ ጉድለቱን ለማቃናት የሚጠይቀው ወጪ ይቀነሳል። ይሁን እንጂ ደረሰኙ ሌላ አገልግሎት አለው። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ዕቃውን ሊያጣው ይችላል፤ ስለዚህ የባለቤትነት ማስረጃ ራሱ ዋጋ አለው።

ችግርና ዋጋ

በመጨረሻ የሚቀረው ከባዱ ጉዳይ የሻጩ ችግር ነው። ቤተሰቡ የታመመበት ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ሲወጣ፣ ፊቱን ያነበበ ገዥ ዋጋውን በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ዕቃው አልተለወጠም፤ ባትሪውም ያው ነው። የተለወጠው የሰውየው አቅም ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ግዥ ጉድለትን ከመደበቅ የሚለይበት መንገድ ጠባብ ነው፤ አንደኛው የገዥን አለማወቅ፣ ሁለተኛው የሻጭን መቸገር ዋጋ አድርጎ ይወስዳልና። ደላላም በመካከል ሲገባ ሚናው በዚሁ ይመዘናል። ሁለቱን ወገኖች ስለ ዕቃው የሚያስተዋውቅ ከሆነ የድካሙ ዋጋ ይገባዋል። አንዱን ከሌላው የሚሰውር ከሆነ ግን ገበያውን የሚሸረሽር ነው።

በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ጋራዥ ለብዙ አሠርት ዓመታት የሠሩት ባለሙያዎች፣ አሮጌውን ሎኮሞቲቭ ፈትተው፣ የደከመውን ብሎን ለይተው፣ ጤነኛውን መልሰው ገጥመው ሐዲድ ላይ ያቆሙ ነበር። ለእነርሱ «አሮጌ» የሚለው ቃል ፍርድ አልነበረም፤ ምርመራ የሚጀመርበት ነበር እንጂ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥና የሚገዛ ሁሉ ሊከተለው የሚገባው ይህን ሙያዊ ጠባይ ነው። ክዳኑ ይከፈት፤ ባትሪው ይታይ፤ ጉድለቱ ከዋጋው በፊት ይነገር። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ክርክር፣ በጣት ይሁን በቃል፣ በእኩያዎች መካከል የሚደረግ ክርክር ይሆናል።