አሳሪና ልል ገደብ

በመስመራዊ ፕሮግራሚንግ ምርጡ መፍትሔ ላይ ተሟጦ የሚያልቅ ገደብ አሳሪ፣ ሳያልቅ የሚተርፍ ደግሞ ልል ይባላል። ለምሳሌ በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ 4 ጥማድ መሬት፣ 16 ቀን የሚያርስ ጥንድ በሬና ለአረም የሚሆን 50 የሰው ቀን ያለው ገበሬ አለ እንበል። (ጥማድ ራሱ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ስሌቱ ከቃሉ ይጀምራል።) ጤፍ 5 ጊዜ ታርሶ፣ 10 ቀን ታርሞ በጥማድ 3000 ብር ያተርፋል፤ ገብስ 3 ጊዜ ታርሶ፣ 6 ቀን ታርሞ 2000 ብር። ምርጡ ከየዓይነቱ 2 ጥማድ መዝራት ነው፤ 10000 ብር። መሬቱም የበሬው ቀንም ያልቃሉ፤ ከአረሙ 18 ቀን ይተርፋል። አራሚ መቅጠር ምንም አይጨምርም። በሬ ለአንድ ቀን ቢዋስ ግን ጤፉ በግማሽ ጥማድ ሰፍቶ፣ ገብሱ በዚያው ልክ ጠብቦ ትርፉ 500 ብር ያድጋል፤ ይህ የበሬ ቀን ገደብ የጥላ ዋጋ ነው። የልል ገደብ የጥላ ዋጋ ዜሮ ነው።