ባቡርና ቀንበር

የእኅቴ ልጅ ከጀርመን አገር የላከልኝን ድምፅ የከፈትኩት መካነ ሰላም፣ አክስቴ ቤት፣ ቡና እየተቆላ ነበር። መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ቹፍ ቹፍ የሚል ምት፣ ቆይቶ ቀጭን ፉጨት። ልጁ ጠረጴዛ ላይ በምትሽከረከር ትንሽ የመጫወቻ ባቡር ተጠምዷል፤ የላከልኝም የእሷን ድምፅ ነው። አክስቴ ከምጣዱ ቀና ሳይሉ «ምንድን ነው?» አሉኝ። «ባቡር ነው፤ የእሱ ነው» አልኳቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ! አብሽር! ባቡር ተከለ በለኛ! ኩንታሉን በስንት ነው የሚፈጩት?»

ሳቅሁ። ነገሩን ሳስበው ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በወሎ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ፣ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ሐዲድ ይህን አገር ረግጦት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው መስመር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከደሴ ምዕራብ ያለውን ደጋ በሩቅ እንኳ አላየውም። ቃሉ ግን ሐዲድ አላስፈለገውም፤ ገደሉን ወጥቶ መጣ።

መነሻው የላቲኑ ቫፖር ነው፤ እንፋሎት ማለት። ጣሊያኖች ቫፖሬ፣ ፈረንሳዮች ቫፐር አሉት፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ሲመጣም ስሙን ለመርከቡ ሰጡት። የዐረቡ አፍ «ቨ» የሚለው ድምፅ ስለሌለው ባቡር፣ ዋቡር አደረገው። ከዚያ በኋላ ቃሉ የሄደበትን አገር ልብስ ሁሉ ለብሷል። ሶማሌው ባቡር ሲል መኪና ነው። ግብፃዊው ዋቡር ሲል እንደ ቦታው ሞተርም፣ የነጭ ጋዝ ምድጃም፣ እንደ አክስቴ የእህል ወፍጮም ሊሆን ይችላል። ቱርኩ ቫፑር የሚለው የኢስታንቡልን የመንገደኛ ጀልባ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘረጋውን፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የባቡር መስመር የያዘው ደግሞ ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው። የቱርኩ መሐንዲስና የወሎው ቀን ሠራተኛ አንድ ቃል በአፋቸው ይዘው፣ አንዱ ጀልባ ሌላው ወፍጮ እያሰበ፣ አብረው ሐዲድ አነጠፉ ማለት ነው።

በእኛም ቋንቋ መርከቡ ቀድሟል። «ምድር ባቡር» የምንለውን እስኪ ልብ በሉት። ባቡር በምድር ካልሆነ በምን ሊሄድ ኖሯል? «ምድር» የተጨመረው የባሕሩ ባቡር፣ የእንፋሎቱ መርከብ፣ አስቀድሞ ስሙን ይዞት ስለነበር ነው። መርከቡ ተረስቶ መለያው ብቻ ቀረ። ዛሬም የባቡሩ መሥሪያ ቤት በዚሁ ስም ይጠራል።

ከመርከብ እስከ ወፍጮ ላለው መንገድ አንድ ድልድይ አለ። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት መኪና አዲስ አበባ አስገባ፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ሐዲድ አልነበረውም። ባቡር ያሰኘው ማጨሱና መጮኹ ነው። አማርኛ ቃሉን የተቀበለው በዚህ ስሜት ነው ባይ ነኝ፦ ውስጡ እሳት ያለበት፣ ራሱ የሚንቀሳቀስ፣ ከሩቅ የሚሰማ ነገር። ስለዚህ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ወደ ደጋው ሲወጣ አዲስ ስም አላሻውም። የሴቶችን ክንድ ያሳረፈው ይህ መኪና ጭስ ማውጫው ላይ ፉጨት ይገጠምለታል፤ ኩክ፣ ኩክ እያለ ከጋራ ማዶ «ዛሬ እፈጫለሁ» ይላል። እህል የጫነች አህያም በዚያ ድምፅ ትነዳለች። እኛ ባቡርን በጆሮ ነው የምናውቀው።

ሌሎቹ የባቡር ቃላት እንዲህ አልተቅበዘበዙም። ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ነው። ፉርጎ የፈረንጆቹ ፉርጎን ነው። ለገሃር «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት። ፊሽካ ከጣሊያንኛው ፊስኪዮ ወገን ነው። አብዛኞቹ ጣቢያው አካባቢ ቀሩ፤ ገጠር ዘልቆ ሌላ ትርጉም የያዘው ባቡር ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ድምፁን ካደነቅሁለት በኋላ ጭንቀቱን ነገረኝ። በትንሿ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የሚባል፣ ጥፍር የሚያህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። ትእዛዙ በሐዲዱ በኩል ይደርሰዋል፤ እሱ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ያዝዛል። ጠባዩ የተጻፈው ቁጥር ባላቸው ኪሶች ነው፤ በየኪሱ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይቀመጣል። 1ኛው ኪስ የሎኮሞቲቯ አድራሻ ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ተብሎ ይሞላል። ሎክሳውንድ በሚባሉት ዲኮደሮች 63ኛው የጠቅላላ ድምፁን መጠን ይይዛል። ይህ ቀላል ነው፤ ጨምር ወይም ቀንስ ነው። የሚያስቸግረው ቹፍታው ነው። ሁለት ሲሊንደር ያላት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መንኰራኩሯ አንድ ዙር ሲዞር አራት ጊዜ ትተነፍሳለች፤ እንፋሎቱ እያንዳንዱን ፒስተን ከፊትም ከኋላም ይገፋዋላ። ቁጥሮቹ በትክክል ካልገቡ መንኰራኩሩ ይሮጣል፣ ድምፁ ይንቀረፈፋል። ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል።

«ሴቲንጉ አልመጣልኝም» አለኝ። «ቅንብሩ በል» አልኩት። ስልኩም በአማርኛ ሲሆን «ቅንብሮች» ይላል፤ የሙዚቃ ሰዎችማ ድሮም «ቅንብር» ይላሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን ልጁ አላሰበውም። ቅንብር፣ አቀናበረ፣ ተቀነባበረ፤ ቀንበር። ሥሩ አንድ ነው፦ ቀ፣ ነ፣ በ፣ ረ። ቀንበር ሁለት በሬ አንገት ላይ የሚጋደመው እንጨት ነው፤ ማነቆው አንገታቸውን ግራና ቀኝ ይይዛል፣ ሞፈሩ በምራን መሐሉ ላይ ይታሰራል። አንዱ ወይፈን ሌላው ደንዳና በሬ ከሆነ እርሻው ይጣመማል፤ የቀንበር ሥራ ሁለቱን እኩል ማስረገጥ ነው። ከዚህ እንጨት የወጣው ግሥ የዜማ መሣሪያዎችን ማስማማት ሆነ፣ ቀጥሎ የስልክ ቁልፎችን መደርደር። ልጁ የሚፈልገው ግን የመጀመሪያውን፣ የገበሬውን ትርጉም ነው። ድምፅና መንኰራኩር በአንድ ቀንበር ተጠምደው እኩል እንዲረግጡለት ነው።

በነገራችን ላይ ፈጨና አፏጨም አፍ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ወፍጮው የሚያፏጭ ስለሆነ ደግሞ ልብ ያማልላሉ። በመምሰል ብቻ ግን ዝምድና አይቆጠርም። ቀንበርና ቅንብርን ያዛመድኩት ፊደላቸውም ሥራቸውም አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

አሁን ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ባቡር፣ እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሁሉ፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። እንፋሎት አይወጣውም፤ ስሙ ግን አሁንም እንፋሎት ነው። መካነ ሰላም ላይም መብራት ያገኘው ወፍጮ ጭስ ማውጫ ስለሌለው ኩክ አይልም። ሰው ግን ባቡር ማለቱን አልተወም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ የተስተካከለውን ድምፅ ላከ። ይዤላቸው ሄድኩ። አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «አሁን ደኅና ይፈጫል» አሉ።