ሴንግሄኒዝ

ሴንግሄኒዝ በዩናይትድ ኪንግደም፣ በደቡብ ዌልስ፣ በኬርፊሊ አውራጃ የምትገኝ ትንሽ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1913 በከተማዋ ማዕድን ማውጫ የደረሰው ፍንዳታ በብሪታንያ የማዕድን ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ሕይወት ያጠፋ አደጋ ነው።

መልክዓ ምድር

ከተማዋ ከኬርፊሊ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 6 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ በአበር ሸለቆ ላይኛው ጫፍ ትገኛለች። ሸለቆው ጠባብ ሲሆን ዙሪያው ኮረብታ ነው። ከእርሷ ዝቅ ብሎ አበርትሪዱር የተባለ መንደር ይገኛል። ስሟ የተወረሰው በመካከለኛው ዘመን በታፍና በሪምኒ ወንዞች መካከል ከነበረው የሴንግሄኒዝ ግዛት ነው።

ታሪክ

አካባቢው ቀድሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። የዩኒቨርሳል ማዕድን ማውጫ ቁፋሮ በ1891 ተጀመረ፤ የባቡር ሐዲዱ በ1894 ተከፈተ፤ ከሰል መውጣት የጀመረው በ1896 ነው። ለሠራተኞቹ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች በረድፍ ተሠሩ፤ ከተማዋም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አደገች።

ማዕድኑ ሜቴን ጋዝ የሚበዛበትና የከሰል አቧራ የሚከማችበት ነበር። በግንቦት 24 ቀን 1901 በደረሰው ፍንዳታ 81 ሰዎች ሞቱ።

የ1913 አደጋ

ጥቅምት 14 ቀን 1913 ጠዋት ከ8 ሰዓት በኋላ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2 ሰዓት በኋላ) 950 ያህል ሠራተኞች ከመሬት በታች ሳሉ ሁለተኛው ፍንዳታ ደረሰ። 439 ማዕድን ቆፋሪዎችና 1 የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞቱ። በማግስቱ 18 ሰዎች በሕይወት ተገኙ። 205 ሴቶች ባሎቻቸውን፣ 542 ልጆች አባቶቻቸውን አጡ።

ብዙዎቹ የሞቱት በፍንዳታው ኃይል ብቻ ሳይሆን ከእሳቱ በወጣው መርዛማ ጋዝ ጭምር ነው። በ1911 የወጣው የከሰል ማዕድን ሕግ ማራገቢያዎች የአየሩን አቅጣጫ መገልበጥ እንዲችሉ ያዝዝ ነበር፤ በዩኒቨርሳል ግን ይህ ገና አልተፈጸመም ነበር። የእሳቱ መነሻ በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ ምናልባት ከኤሌክትሪክ መጥሪያ ደወል የወጣ ብልጭታ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ 24 ፓውንድ፣ ኩባንያው ደግሞ በይግባኝ 10 ፓውንድ ተቀጡ። የሥራ አስኪያጁ ቅጣት ለሟቾቹ ሲካፈል ለአንድ ነፍስ ከአንድ ሽልንግ ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ሕዝቡን እጅግ አስቆጣ።

ከማዕድኑ መዘጋት በኋላ

ዩኒቨርሳል በ1928 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ከአካባቢው ሰዎች ብዙዎቹ በአበርትሪዱር በሚገኘው የዊንድዘር ማዕድን ማውጫ ይሠሩ ነበር፤ እርሱም በ1986 ተዘጋ። የመንገደኞች ባቡር በ1964 ቆሟል።

አደጋው 100ኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2013፣ የዌልስ ብሔራዊ የማዕድን አደጋዎች መታሰቢያ በከተማዋ ተመረቀ። ሐውልቱ አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ከአደጋ የተረፈ ማዕድን ቆፋሪን ደግፎ ሲያወጣ ያሳያል።