ለእያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንድ ላፕቶፕ፦ ምንነቱ፣ ወጪውና አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው

«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ተማሪ» የሚባለው አሠራር በተወሰነ የክፍል ደረጃ የሚገኝ ተማሪ ሁሉ የራሱ የመማሪያ ኮምፒውተር እንዲኖረው የሚያደርግ የትምህርት አቅርቦት ዓይነት ነው። በኮምፒውተር ክፍል ተራ ጠብቆ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ከመጠቀም የሚለየው፣ መሣሪያው ተማሪውን ተከትሎ ከሒሳብ ወደ ባዮሎጂ፣ ከዚያም ወደ ቤት የሚሄድ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤቱን ጠቅላላ አሠራር የሚነካ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ላሏቸው ወላጆች፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ እንዲሁም ለተማሩበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ለመለገስ ለሚያስቡ በአገር ውስጥና በውጭ ለሚኖሩ ዜጎች ነው።

በአገራችን ጥያቄው ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይን መሰጠት ከጀመረና በ2017 ዓ.ም. በኦንላይን የሚፈተኑት ቁጥር ካደገ ወዲህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በደብተርና በእስክርቢቶ ሲማር የቆየ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባቱን በሚወስን ፈተና ላይ ከቁልፍ ሰሌዳና ከማውዝ ጋር የሚታገል ከሆነ፣ የሚመዘነው ዕውቀቱ ብቻ አይደለም። ወላጆች «ልጄ ኮምፒውተር የሚያገኘው መቼ ነው?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ይሁንና ከዚህ ጥያቄ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ኮምፒውተሩ ከተሰጠ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት የሚጠግነውና የሚተካው ማን ነው?

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ሐሳቡ በመንግሥት ደረጃ ቀድሞ ከተተገበረባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ የሚገኘው የሜይን ግዛት ነው። በአገረ ገዥው አንገስ ኪንግ አመንጪነት እ.ኤ.አ. በ2002 ለ7ኛ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ላፕቶፕ ተሰጠ፤ መምህራኑም እንዲሁ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የአንድ መቶ ዶላር ላፕቶፕ ለድሃ አገሮች ልጆች የማዳረስ ዕቅዱን ለዓለም አስተዋወቀ፤ መሣሪያው ተመርቶ ሲወጣ ግን ዋጋው መቶ ሰማንያ ዶላር አልፎ ነበር። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2007 ቪላ ካርዳል በምትባል ትንሽ ከተማ ጀምራ በ2009 ማብቂያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ካዳረሰች በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተሻግራለች። ፔሩም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን አከፋፍላለች። ነገር ግን የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ በዚያች አገር በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት፣ ከ15 ወራት ያህል በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አለመታየቱን አመልክቷል። ልጆቹ ኮምፒውተሩን መጠቀም ችለዋል፤ ትምህርቱ ግን በአብዛኛው እንደነበረው ቀጥሏል።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው የአውስትራሊያ ተሞክሮ ነው፤ ምክንያቱም ያነጣጠረው ልክ እንደ እኛ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ተማሪዎች ላይ ነበር። ኬቨን ራድ እ.ኤ.አ. በ2007 የምርጫ ዘመቻ ወቅት ለእነዚህ ተማሪዎች ሁሉ ኮምፒውተር እንደሚቀርብ ቃል ገቡ። ሥራው ሲጀመር የፌዴራሉ መንግሥት ለአንድ ኮምፒውተር እስከ 1,000 የአውስትራሊያ ዶላር መደበ። ብዙም ሳይቆይ ክልላዊ መንግሥታቱ ተቃውሞ አነሡ። ኮምፒውተሩ ያለ ኤሌክትሪክ መስመር፣ ያለ ገመድ አልባ ኔትወርክ፣ ያለ ሶፍትዌር፣ ያለ ጥገና ባለሙያና ያለ መምህራን ሥልጠና አይሠራም፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በእነሱ በጀት ላይ የሚወድቅ ነበር። ትልቁ ክልል ኒው ሳውዝ ዌልስ ከሁለተኛው ዙር ራሱን እስከ ማግለል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ለእነዚህ ተጓዳኝ ወጪዎች ብቻ ተጨማሪ 807 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመመደብ ተስማማ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተፋጠነ። በኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ 9ኛ ክፍል የሚገቡ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትንንሽ ላፕቶፕ ይቀበሉ ነበር፤ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀም መሣሪያውን ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በአገሪቱ ከ900 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተሰራጭተው ግቡ ተሟልቷል ተባለ። ሆኖም ልዩ በጀቱ በ2013 አጋማሽ አበቃ፤ የሚተካውም አልመጣም። በዚህ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የራሳቸውን መሣሪያ ከቤት ይዘው እንዲመጡ ወደሚጠይቅ አሠራር ዞሩ። ወጪው ከመንግሥት ካዝና ወደ ወላጅ ኪስ ተሸጋገረ ማለት ነው። ሀብታም በሆነች አገር ይህ ከሆነ፣ በየዓመቱ አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንደሚመጣ ያላሰበ ዕቅድ በየትም ስፍራ አራት ዓመት የማይሻገር መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

በአገራችን የተሞከሩት

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚሰራጨው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ገብቷል። ጥሩ ሥዕላዊ መግለጫና ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራን የሚያሳይ መስኮት ሆኖ ነበር። ጉድለቱንም በወቅቱ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፦ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ በእንግሊዝኛ የሚናገረው የቴሌቪዥን መምህር ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ በክፍሉ ያለው መምህርም ለማስረዳት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ብልጫ አለው፤ ተማሪው ማቆም፣ መመለስና መድገም ይችላል።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አምስት ሺህ ያህል የኔግሮፖንቴ ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በገጠር በሚገኙ ጥቂት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ተሰጥተው ነበር። ልጆቹ መሣሪያውን ለመልመድ ጊዜ አልወሰደባቸውም። መምህራኑ ግን መሣሪያውን ከትምህርታቸው ጋር የሚያያይዙበት በቂ ዝግጅት ስላልነበራቸው፣ በክፍል ውስጥ ሐሳብ የሚሰርቅ መጫወቻ አድርገው ያዩት ነበር። ስለዚህ ላፕቶፑን ከተማሪው አስቀድሞ ለመምህሩ መስጠት፣ ቢቻልም አንድ ዓመት ማስቀደም ይመረጣል።

ከዋጋው ውጭ ያለው ወጪ

የኤሌክትሪክ ኃይል የመጀመሪያው ነው። የአንድ ላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ45 እስከ 65 ዋት ይጠቀማል። አንድ ቁጥር ብቻውን ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሃምሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሰኩ ግን 3,250 ዋት ሊደርስ ይችላል፤ ይህም አንድ የእንጀራ ምጣድ ከሚስበው ብዙም አያንስም። በአንድ ሶኬት ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር እየቀጠሉ ይህን መሸከም የእሳት አደጋን መጋበዝ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ሊያስገባ፣ ወይም ቻርጅ የሚደረግበትን ሰዓት በፈረቃ ሊከፋፍል ይገባል። መስመር ባልደረሰበት አካባቢ የፀሐይ ኃይል ይቻላል፤ ነገር ግን የፀሐይ ኃይሉ ባትሪም ዕድሜ ስላለው የመተኪያው ገንዘብ ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

የላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ደግሞ በዕለት ተዕለት አገልግሎት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ይዳከማል። ይህም ተማሪው 12ኛ ክፍል በሚደርስበትና እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ ላይ ይገጥማል። ያበጠ ባትሪ መጠቀምም ሆነ መክፈት አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ተነጥሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ከመቶ መሣሪያዎች ጥቂቶቹ በየዓመቱ መውደቃቸው፣ ስክሪናቸው መሰንጠቁ ወይም ውኃ መግባታቸው የማይቀር ስለሆነ መለዋወጫና ተጠባባቂ መሣሪያ መያዝ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

ኢንተርኔት የግድ ነው የሚለው እምነት ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ። እንደ ኮሊብሪ ያሉ በነፃ የሚገኙ ሥርዓቶችም በትምህርት ቤቱ ውስጥ በሚቀመጥ አንድ ኮምፒውተር አማካይነት የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን ለሌሎቹ ማዳረስ ይችላሉ። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ተማሪ በሚዳረስበት ትምህርት ቤት፣ ሙሉ መጻሕፍቱን የያዘ ላፕቶፕ ያለ ምንም ኢንተርኔት ትልቅ ጥቅም ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ዛሬ በየትኛውም አዲስ ኮምፒውተር ሊጻፍበት ይችላል፤ ይሁንና የአማርኛም ሆነ የትግርኛ ቁልፍ ሰሌዳው ካልተጫነና ካልተለማመዱት ተማሪው በራሱ ቋንቋ ለመጻፍ ይቸገራል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ገበታዎች የተዘጋጁ ፋይሎች ደግሞ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ስለሚታዩ አስቀድመው መቀየር አለባቸው።

ባለቤትነትና ኃላፊነት

መሣሪያው የማን ነው? ሦስት ዓይነት አሠራር አለ፦ ለተማሪው በስጦታ የሚሰጥ፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ለተማሪው በውሰት የሚሰጥ፣ እና ከክፍል የማይወጣ። ሩዋንዳ በአንደኛ ደረጃ ለልጆች ላፕቶፕ ካዳረሰች በኋላ በሁለተኛ ደረጃ የመረጠችው ሦስተኛውን፣ ኮምፒውተሮቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተማሪዎች በየተራ የሚገለገሉበትን ነው። ይህ «ለእያንዳንዱ» የሚለውን አያሟላም፤ በጀቱ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ ግን ለጥቂት ተማሪዎች ብቻ ከማደል ይሻላል። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ በቂ የልምምድ ሰዓት እንዲያገኙ ያስችላል።

መሣሪያው በውሰት ወደ ቤት የሚሄድ ከሆነ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ውሉን በሚገባ ማንበብ ይኖርበታል። ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር የሚከፈለው ስንት ነው? በቸልተኝነት የደረሰና ከአቅም በላይ የሆነ ጉዳት ተለይቷል? መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ልጅ መሣሪያው ይከለከላል ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ? ረጅም መንገድ በእግር የሚጓዙ፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ ላፕቶፕ ይዘው መሄዳቸው ለዝርፊያ የሚያጋልጣቸው ከሆነ በትምህርት ቤት የሚያስቀምጡበት ቁልፍ ያለው ስፍራ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመሣሪያው ላይ የተማሪውን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ካለም ምን እንደሚመዘግብና ማን እንደሚያየው ወላጅ ማወቅ አለበት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ የሚሰበስቡ አካላት ላይ ግዴታ ጥሏል።

ኮምፒውተር ለመለገስ ለሚፈልጉ

ከውጭ አገር ያገለገሉ ላፕቶፖችን መላክ በጎ ተግባር ነው፤ ነገር ግን ሳይመረጥ የተላከ ዕቃ ለትምህርት ቤቱ ሸክም ይሆናል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በዚህም ምክንያት ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ከየድርጅቱ እየወጡ ነው። እነዚህ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነፃ ሥርዓት ከተጫነባቸው አሁንም ለመማር ያገለግላሉ። በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ሞዴል መላክ ይመረጣል፤ የአንዱ ክፍል ለሌላው መለዋወጫ ይሆናልና። ቻርጀር የሌለው ወይም ባትሪው የሞተ ዕቃ ባይላክ ይሻላል። ዕቃው ከመጫኑ በፊት የቀረጥና የታክስ ሁኔታውን ከጉምሩክ ኮሚሽን፣ ፍላጎቱን ደግሞ ከተቀባዩ ትምህርት ቤት በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የተለገሰ ዕቃ ለርእሰ መምህሩ በእጅ ተሰጥቶ የሚቀር መሆን የለበትም። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መለያ ቁጥሩ በንብረት መዝገብ ሊሰፍር፣ ለተጠቃሚም በሞዴል 22 ወጪ ሊሆን ይገባል። ለጋሹ የገቢ ደረሰኙን ቅጂ መጠየቅ ይችላል።

ወላጆች ለኮምፒውተር ግዢ መዋጮ ሲጠየቁ፣ ውሳኔው በኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ተይዞለት የጸደቀ መሆኑንና ለጥገናና ለመተኪያ የተለየ ገንዘብ መኖሩን ሊጠይቁ ይገባል። ስለ አቅርቦቱ ጥያቄ ወይም ቅሬታ ያለው ወላጅ በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ምላሽ ካላገኘ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቀርባል። በማመልከቻው ላይ የተማሪው ክፍል፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥርና ውሉ የተፈረመበት ቀን ቢገለጽ ጉዳዩን ለማጣራት ይረዳል።