የራስ ቅል ከመለካት እስከ ጂን መቁጠር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። «ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ጎበዝ ይሆናል»፣ «ጉብዝና በዘር ነው» የሚል ወሬ ከተማሪም ከወላጅም በየጊዜው እሰማለሁ። ይሄ ወሬ የራሱ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1839 ሳሙኤል ሞርተን የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውዬው ከየአገሩ የራስ ቅል ይሰበስብ ነበር። ውስጡን መጀመሪያ በደቃቅ የተክል ዘር፣ በኋላ በእርሳስ እንክብል እየሞላ ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል። ከዚያ የሰውን ልጅ ከፋፍሎ ደረጃ አወጣለት፤ ነጮችን ከላይ፣ ጥቁሮችን ከታች። የባርነት ደጋፊዎችም ይህን ቁጥር ይዘው ተሟገቱበት።

በፓሪስ ደግሞ ፖል ብሮካ ነበር። በ1861 ከንግግር ጋር የተያያዘውን የአንጎል ክፍል ያሳየ ትልቅ ሐኪም ነው። ግን እሱም የአንጎል ክብደት የአእምሮ ችሎታን ይናገራል ብሎ ያምን ነበር። ሚዛኑ ግን አልታዘዝ አለ። የሩሲያዊው ደራሲ የቱርጌኔቭ አንጎል 2,000 ግራም አካባቢ መዘነ። በ1921 የኖቤል ሽልማት የወሰደው አናቶል ፍራንስ ሲሞት ግን የእሱ 1,000 ግራምን በጥቂቱ ብቻ ነው ያለፈው። የግማሽ ያህል ልዩነት ማለት ነው! በ1955 ያረፈው አንስታይንም አንጎሉ 1,230 ግራም ነበር፤ ከተራው ወንድ አይበልጥም።

ከዚያ ኤምአርአይ መጣ፤ የጤነኛን ሰው አንጎል በሕይወት እያለ መለካት ተቻለ። የዲኤንኤ ንባብም ተጨመረ። ጥያቄው ግን በአዲስ ልብስ ተመለሰ።

በ2005 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ላን እና ባልደረቦቹ ስለ ሁለት ጂኖች ጻፉ። ጂኖቹ ሲበላሹ ሕፃኑ በጣም ትንሽ ጭንቅላት ይዞ ይወለዳል። ተመራማሪዎቹ በጤነኛ ሰዎች ላይ የሚታዩ፣ በቅርብ ዘመን በፍጥነት የተስፋፉ የጂኖቹን ዓይነቶች አገኘን አሉ፤ እነዚህም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አነስ ብለው ይገኛሉ። ወዲያው አንዳንዱ የሞርተንን ደረጃ በጂን ሊያስመልስ ተነሳ። ነገሩ ሲፈተሽስ? በ2006 የጤነኛ ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ ተለካ፤ ዓይነቶቹ ከአንጎል መጠን ጋር ግንኙነት አልተገኘባቸውም። በ2007 ደግሞ ላን ራሱ የተሳተፈበት ጥናት ከማሰብ ችሎታ ጋርም እንደማይገናኙ አሳየ። የመጀመሪያው ዜና ግን እስከ ዛሬ ሲጠቀስ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ሥራው መልክ የያዘው። በ2009 ኤኒግማ የሚባል ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ኅብረት ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ላቦራቶሪ ብቻውን በቂ ሰው የለውም፤ ስለዚህ እንደመር። በ2012 ከ20,000 በላይ ሰዎችን ይዘው ኤችኤምጂኤ2 የሚባል ጂን አጠገብ ያለ ልዩነት ከራስ ቅል ውስጣዊ መጠን ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። የልዩነቱ ጉልበት ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይሄው ጂን ከቁመት ጋርም ይያያዛል፤ «የብልህነት ጂን» የሚባል አይደለም። በ2020 ከ51,000 በላይ ሰዎች ተደምረው፣ ከአንጎል ውጫዊ ሽፋን ስፋትና ውፍረት ጋር የሚያያዙ 199 የዲኤንኤ ቦታዎች ታወቁ። እያንዳንዱ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው።

ታዲያ ዘር ምንም አይሠራም ማለቴ ነው? አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንጎል መጠን በብዛት የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። የሚወረሰው ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን ልዩነት ተደምሮ ነው። የሚወረስ ነገር ደግሞ በኑሮ አይነካም ማለት አይደለም፤ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ አንጎል ይጎዳል። ይህን የሚከላከለው አዮዲን ያለው ጨው እንጂ ጂን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ሰፊው የዘረመል ልዩነት ያለው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ የተገኘውን ቁጥር አምጥቶ እኛ ላይ መለጠፍ አይሠራም፤ ሕዝብን ከሕዝብ ለማወዳደር መጠቀምማ ጭራሽ አይሆንም።

እና በሚቀጥለው «የጉብዝና ጂን ተገኘ» የሚል ዜና ስታዩ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰው ተለካ? የየት አገር ሰው? ሌላ ቡድን ደግሞ ሠርቶ ያንኑ አገኘ ወይ? ተማሪዎቼንም የማስለምዳቸው ይህንኑ ነው።

መልካም ሰንበት።