ከፕሪሚየር ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፦ ማቀናበሪያ ከመቀየርዎ በፊት

የዛሬ ዓመት ገደማ አንዲት ደንበኛዬ ደወለችልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርጓን ቀርጬ ያቀናበርኩት እኔ ነበርኩ። አባቷ በቅርቡ አርፈዋል። በሠርጉ ፊልም ላይ አባቷ ሲመርቋት የሚታየው 40 ሰከንድ ብቻ ነው፤ የቀረውን «ይረዝማል» ብዬ ቆርጬዋለሁ። ሙሉውን ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የድሮውን ማቀናበሪያ ትቼ ወደ አዲስ ከተዛወርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፤ የእሷ ፕሮጀክት ደግሞ አዲሱ ፕሮግራም የማይከፍተው ፋይል ነው።

የተዛወርኩበት ምክንያት በሙያው ያለን ሁሉ የምናውቀው፣ ነገር ግን በአደባባይ የማናወራው ነው። ለዓመታት የሠራሁት በክራክ ፕሪሚየር ነበር። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 አዳዲስ ፕሮግራሞቹን አንዴ ከፍሎ መግዛት እንዲቀር አድርጎ ወደ ወርኃዊና ዓመታዊ ክፍያ ዞረ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው የአዲስ አበባ ባለሙያ ጣጣው ከዋጋው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋውም በራሱ ከባድ ሆኗል። እኔን ግን ያስወሰነኝ ገንዘብ አልነበረም፤ ከክራኩ ጋር የገባ ቫይረስ የአንድ ሳምንት ሥራ ስለበላብኝ ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከመነሻው ማቀናበሪያ አልነበረም። ዳ ቪንቺ ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለፊልም ቀለም ማረሚያ የሠራው መሣሪያ ነበር። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያውን ገዛና በ2011 ነፃ ቅጂ አወጣ። ከዚያ በኋላ የማቀናበር ሥራው ቀስ በቀስ ተጨመረ፤ በ2017 ፌርላይት የተባለው የድምፅ ክፍል፣ በ2018 ደግሞ ፊውዥን የተባለው የልዩ ውጤቶች ክፍል ገቡበት። ነፃው ቅጂ እስከ 3840 በ2160 ጥራትና በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል። ለሠርግም ሆነ ለዩቲዩብ ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈልበት ስቱዲዮ ቅጂ በጨለማ የተቀረፀ ምስል ላይ የሚታየውን ሽክርክሪት የመሰለ ነጠብጣብ የማጥራት አቅምን የመሳሰሉ ነገሮችን ይጨምራል፤ ክፍያውም አንድ ጊዜ ነው።

ፕሮግራሙ ነፃ ነው ማለት ግን ኮምፒውተሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሪዞልቭ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ራም ከ16 ጊጋባይት ባያንስ ይመረጣል። ባለ 8 ጊጋባይቱ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው የማራገቢያው ድምፅ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከፕሪሚየር ወደ ሪዞልቭ ፕሮጀክት የሚሻገረው ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ነው። የሚሻገረው የቆረጣው ቅደም ተከተል ነው፤ በፕሪሚየር የተሠራ ቀለም፣ የጽሑፍ ማስዋቢያና ተጨማሪ ኢፌክት በአብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ፋይል ማውጣት የሚቻለው ደግሞ የድሮው ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ነው። እኔ ቫይረሱ አናዶኝ ፕሪሚየርን ካጠፋሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። በእርግጥ ከእኔ የሚበልጡም ተቸግረው ያውቃሉ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስን ሲያወጣ አዲሱ ፕሮግራም የራሱን የቀድሞ ፕሮጀክቶች መክፈት አይችልም ነበር፤ በዚህም ብዙ የፊልም ሰዎች ተቆጥተዋል።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ የባሰ ነበር። ፕሪሚየር እያንዳንዱን ፕሮጀክት ራሱን የቻለ ፋይል አድርጎ እርስዎ በመረጡት ፎልደር ያስቀምጣል። ሪዞልቭ ግን ፕሮጀክቶችን በራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ቋቱ ደግሞ ካልቀየሩት በስተቀር ዋናው ዲስክ ላይ ነው። ይህን ሳላውቅ ቪዲዮዎቼን ብቻ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይዤ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግኩ። ሦስት ያላለቁ ሥራዎች አብረው ሄዱ። አሁን ማታ ማታ ከመዝጋቴ በፊት ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርጌ ዲአርፒ የሚባለውን ፋይል ከቪዲዮው ጎን አስቀምጣለሁ። አዲስ የሪዞልቭ ቅጂ ከመጫኔ በፊትም እንዲሁ፤ በአዲሱ የተከፈተ ፕሮጀክት ወደ አሮጌው አይመለስምና።

ቀሪው በአንድ ሳምንት ይለመዳል። የፕሪሚየርን የኪቦርድ አቋራጮች ከምርጫዎቹ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ለአማርኛ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ራስዎ ይምረጡ፤ አለበለዚያ ባዶ ሳጥን ሊወጣብዎ ይችላል። የፍሬም ፍጥነትን ግን መጀመሪያ ይወስኑ። ካሜራዎ በ25፣ የእንግዳው ስልክ በ30 ፍሬም ቀርፆ ሊሆን ይችላል፤ ታይምላይኑ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ፍጥነቱ አይለወጥም።

የሠርጉን ነገር ልጨርስ። ፕሮጀክቱ ባይከፈትም ጥሬው ቀረፃ በአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ተገኘ። ምስሉ በአንድ ፎልደር፣ በአባትየው ኮት ላይ ሰክቼው የነበረው የድምፅ መቅጃ ፋይል በሌላ ፎልደር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጠፋው ፕሮጀክት ብቻ ነበር። ሪዞልቭ የድምፁን ሞገድ አነጻጽሮ በጥቂት ሰከንዶች አገጣጠማቸው። ምርቃቱ 11 ደቂቃ ነው። መሐል ላይ ሳል ይዟቸው ውኃ ይጠይቃሉ፤ ልጃቸው ተነስታ ታቀብላቸዋለች። ያንን አልቆረጥኩትም።